የሽማግሎች መድኃኒትና የሐኪም ቤት ወጪ

የአንድ ሀገር ሕዝብ ዕድሜው በረዘመ ጊዜ መንግሥት የሚደሰትበትን ያህል የሚያስብበትም ጉዳይ ይበዛል። በኢትዮጵያ የሚወለድ ሰው ይኖራል ተብሎ የሚገመተው ዕድሜ በ1982 ዓ.ም. ገደማ ከ50 ዓመት በታች ነበረ፤ ዛሬ ግን ከ65 ዓመት አልፏል። ይህም የሆነው ይልቁንም ሕፃናት በክትባት፣ እናቶችም በወሊድ ጊዜ በሚደረግላቸው እርዳታ ከሞት ስለ ዳኑ ነው። ነገር ግን ከሞት የዳነው ሕፃን አድጎ ባረጀ ጊዜ የሚያገኘው ሕመም እንደ ወባና እንደ ተስቦ በጥቂት ቀን መድኃኒት የሚሸኝ አይደለም። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የልብ ድካም፣ የመተንፈሻና የመገጣጠሚያ ሕመም ከሰው ጋራ አብረው የሚያረጁ፣ ዕለት ዕለትም መድኃኒት የሚጠይቁ ናቸው። እንግዲህ የሽማግሎች መድኃኒት ጉዳይ የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሒሳብ ሹማምንትም ጉዳይ ሆኗል።

ጉቴ ከነቀምቴ በስተ ምሥራቅ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የዋዩ ቱቃ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከተማይቱ ትንሽ ብትሆንም ለዚህ ጉዳይ መልካም ማስረጃ ትሆናለች። በየወሩ የሚወሰደው መድኃኒት የሚሰጠው በጤና ጣቢያ ነው፤ የጸናው ሕመም ደግሞ ወደ ነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሐኪም ቤት ወይም ወደ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ቤት ይላካል። በነቀምቴ ሕክምና የቆየ ታሪክ አለው፤ የስዊድን ሚሲዮን ሐኪሞች ከጣሊያን ወረራ አስቀድሞ በዚያ ሐኪም ቤት ከፍተው እስከ ሩቅ ቆላ ድረስ ያለው ሕዝብ ሲታከምበት ነበር። ስለዚህ የጉቴ ሰው ሐኪም ቤት የራቀበት ሰው አይደለም። በጉቴም ሆነ በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ለሽማግሌ ብዙ ጊዜ የሚርቀው ሳይቋረጥ በየወሩ የሚገኝ መድኃኒት ነው።

ነገሩ እንዲገባ አንድ የ70 ዓመት ባላገር ይታሰቡ። ሽማግሌው በሌላ ሕመም ምክንያት ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ክንዳቸው ሲለካ የደም ግፊት ተገኘባቸው። በየቀኑ አንድ ፍሬ የሚዋጥ አምሎዲፒን የሚባል መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ የመጀመሪያውን ወር በደንብ ወሰዱ። በሁለተኛው ወር ሲመጡ መድኃኒቱ አልቋልና ከውጭ ይግዙ ተባሉ። አንድ ጊዜ ገዙ። በሌላው ወር የማዳበሪያ ዕዳና የልጅ ልጅ የትምህርት ወጪ ተደራረበባቸውና ፍሬውን ለሁለት እየከፈሉ መዋጥ ጀመሩ፤ ከዚያም ምንም ስላላመማቸው ተዉት። የደም ግፊት ዋናው ክፋቱ ይህ ነው፤ የሚያስጮኽ ሕመም የለውም፤ መድኃኒቱን የተወ ሰው ከተወው በኋላ ብዙ ወራት ደኅና መስሎ ይኖራል። በመጨረሻ አንድ ማለዳ የሽማግሌው ግራ ጎን አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ወጪ በወለጋ የማያውቅ ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። መኪና ይፈለጋል። በነቀምቴ አልጋ ይያዛል፤ የራስ ፎቶግራፍ ይታዘዛል፤ ደም ይመረመራል። አስታማሚ ሆኖ የሚቀመጠው ልጅ የበቆሎው አጨዳ ይቀርበታል። አልጋ የሚጠብቀው ሰው መብልና ማደሪያ ይሻል። ሽማግሌው በሕይወት ቢመለሱም ያለ ደጋፊ የማይነሡ ስለ ሆነ አንዲት ምራት ወይም አንዲት የልጅ ልጅ ከሥራዋና ከትምህርቷ ቀርታ ታገለግላቸዋለች። አንድ በሬ ይሸጣል፤ በሬው ከተሸጠ የሚመጣው ዓመት እርሻ በእኩል ወይም በውሰት ይሆናል። ይህ ሁሉ የመጣው በዓመት 365 ፍሬ መድኃኒት በየጊዜው ስላልተገኘ ነው።

ይህን ኪሣራ የሚመዘግበው መዝገብ ግን የትኛው ነው? አሠራሩ ሲመረመር ወጪው በሦስት ልዩ ልዩ ከረጢት ተከፋፍሎ ይገኛል። የመድኃኒቱ ዋጋ በጤና ጣቢያው የመድኃኒት ሒሳብ የሚጻፍ ነው። የአልጋው፣ የምርመራውና የሐኪሙ ዋጋ ሽማግሌው የመድን አባል ቢሆኑ በመድኑ ሒሳብ፣ ባይሆኑ በቤተ ሰቡ ላይ ይወድቃል፤ የሐኪም ቤቱ ሠራተኞች ደመወዝም ከክልሉ በጀት ይከፈላል። የበሬው፣ የቀረው አጨዳና ከትምህርት የቀረችው ልጅ ዋጋ በማናቸውም መሥሪያ ቤት መዝገብ አይጻፍም። ስለዚህ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ያልገዛበትን ወር ሲዘጋ ገንዘብ የተረፈው ይመስለዋል፤ ያ የተረፈ ገንዘብ ከነቀምቴ አልጋ ሥር ብዙ እጥፍ ሆኖ መውጣቱን የሚያሳየው ሰው የለም። እያንዳንዱ ሹም የራሱን ከረጢት በታማኝነት ጠብቆ ሦስቱም ከረጢቶች በአንድነት ይከስራሉ።

ይህ ነገር በግምት ብቻ የተነገረ እንዳይመስል በሌላ ሀገር በሥራ ተፈትኖ የታየውን መመልከት ይጠቅማል። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሺር በሚባለው ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1981 መንግሥት ለድኾች የሚከፍለው የመድኃኒት ወጪ ስለ በዛበት ለአንድ ሰው በወር ከሦስት መድኃኒት በላይ አልከፍልም የሚል ደንብ አወጣ። ደንቡ የቆየው 11 ወር ብቻ ነው። በኋላ ሊቃውንት መዝገቡን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜአቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆነና ብዙ መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት ሰዎች የሚወስዱት መድኃኒት ከመቶ 35 ያህል እንደ ቀነሰ፣ ወደ አረጋውያን መጦሪያ ቤት የመግባታቸው ዕድልም ወደ እጥፍ እንደ ተጠጋ አገኙ። ደንቡ በተሻረ ጊዜ የመድኃኒቱ አወሳሰድ ወደ ቀድሞው ተመለሰ፤ ነገር ግን ወደ መጦሪያ ቤት የገቡት ሰዎች በጠቅላላው ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። በወር ጥቂት ዶላር ለማትረፍ የወጣው ደንብ እስከ ዕድሜ ልክ የሚከፈል የመጦሪያ ወጪ አመጣ።

የካናዳው የኩቤክ ክፍለ ግዛትም እ.ኤ.አ. በ1996 ሽማግሎች ከመድኃኒታቸው ዋጋ ከፊሉን ራሳቸው እንዲከፍሉ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ጥናት እንዳስረዳው ሽማግሎች ለሕይወታቸው የሚያስፈልገውን መድኃኒት መውሰድ ከመቶ 9 ያህል ቀነሱ፤ ድንገተኛ ሕክምና የሚሹትና በጽኑ የሚታመሙትም በዙ። የሚያስደንቀው ክፍያ ሲመጣባቸው ሰዎቹ የተዉት እምብዛም የማይጠቅመውን መድኃኒት ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ዋናውንም አብረው ተዉት። ገንዘብ ያነሰው ሽማግሌ መድኃኒቱን የሚመርጠው እንደ ሐኪም ሆኖ አይደለም፤ ዛሬ የሚያመውን ለማስታገስ ይገዛል፤ ነገ የሚገድለውን ለመከላከል የሚወሰደውን ያቆየዋል።

በዚህ በኩል ሚዛን መጠበቅ ይገባል፤ መድኃኒት ሁሉ የራሱን ዋጋ ይመልሳል የሚል ሰው ከሒሳብ ያልፋል። የአሜሪካ ምክር ቤት የበጀት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 መረጃውን ሁሉ መዝኖ የደረሰበት ውሳኔ፣ ሽማግሎች የሚወስዱት የታዘዘ መድኃኒት ከመቶ አንድ ሲጨምር ለሌላው ሕክምናቸው የሚወጣው የመንግሥት ገንዘብ ከመቶ አንድ አምስተኛ እጅ ያህል ይቀንሳል የሚል ነው። ይህም በመጠን የተነገረ ነገር ነው። በአሜሪካ ግን የመድኃኒት ዋጋ እጅግ የከበደ ነው። በጉቴ ጤና ጣቢያ ለደም ግፊትና ለስኳር የሚታዘዙት እነ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ኤናላፕሪልና ሜትፎርሚን ግን የፈጠራ መብታቸው ከብዙ ጊዜ በፊት ያለፈ፣ በብዙ ፋብሪካ የሚሠሩ፣ ከመድኃኒት ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ወገን ናቸው። ፍሬው በረከሰና የሚከላከለው ሕመም በከበደ መጠን ትርፉ እየሰፋ ይሄዳል፤ ስለዚህ ይህ ሒሳብ ከአሜሪካ ይልቅ በወለጋ ይበልጥ ይሠራል ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በኢትዮጵያ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ከዚያ ወዲህ በሀገሪቱ ሁሉ ተስፋፍቷል። ሐሳቡ የተመሠረተው ሕዝቡ ከጥንት በእድርና በደቦ በሚያውቀው መረዳዳት ላይ ነው፤ ባላገሩ ከመኸር በኋላ እህሉን ሲሸጥ ለቤተ ሰቡ በሙሉ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ መክፈል የማይችለውን ድኻ መንግሥት ይከፍልለታል፤ አባሉም በታመመ ጊዜ ደብተሩን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ሥራው የሚመሰገን ነው። የሀገሪቱ የጤና ወጪ ሢሶ ያህሉ አሁንም ከሕዝቡ ኪስ በቀጥታ የሚወጣ በመሆኑ መድኑ እንዲጸና የማይመኝ የለም።

ሆኖም በመድኑ ውስጥ አንድ የተሰወረ ስንጥቅ አለ። መድኑ ለጤና ጣቢያው የሚከፍለው ጤና ጣቢያው ለሰጠው አገልግሎት ነው። መድኃኒቱ ከመደርደሪያው በጠፋ ጊዜ አባሉ ደብተሩን እንደ ያዘ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ሄዶ በገንዘቡ ይገዛል፤ መድኑ ግን በዚያ ወር የሚከፍለው ስለ ሌለው ሒሳቡ ያማረ ይሆናል። እንዲህ በሆነ ጊዜ የባዶ መደርደሪያ ጉድለት በመድኑ መዝገብ ላይ እንደ ቁጠባ ይነበባል። ሁለት ዓመት እንዲህ የሆነበት አባል በሦስተኛው ዓመት ክፍያውን አያድስም፤ መድኑም አባሎቹን በዚሁ ያጣል። በአዲስ አበባ የከነማ መድኃኒት ቤቶች ለመድን አባሎች መድኃኒት እንዲያቀርቡ የተደረገው ይህን ስንጥቅ ለመድፈን ነው። ለጉቴና ለመሰሎቿ ግን ከነማ የለም።

መድኃኒቱ ለምን ይጠፋል ቢባል ምክንያቱ ብዙ ነው። አብዛኛው ከውጭ ሀገር የሚመጣ በመሆኑ የውጭ ምንዛሪ እጥረት በመጣ ቁጥር መርከብ ላይ ሳይጫን ይቀራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አስቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ የመድኃኒትም ዋጋ እንዲሁ ተከትሎ ወጥቷል። በምዕራብ ኦሮሚያ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው የጸጥታ መታወክ መንገዶች ተዘግተው፣ ጤና ጣቢያዎችም ተጎድተው እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በሌላ ወገን የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በነቀምቴ ቅርንጫፍ አለው፤ ስለዚህ መድኃኒቱ በግምጃ ቤቱ ባለበት ጊዜ ከነቀምቴ እስከ ጉቴ ያለው አጭር መንገድ ለመጥፋቱ ምክንያት ሊሆን አይችልም። እንዲህ ሲሆን ምክንያቱ በጊዜው አለመጠየቅ፣ ወይም የቀድሞውን ዕዳ አለመክፈል፣ ወይም የሚያስፈልገውን መጠን አለማወቅ ነው። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ ዶላር አይጠይቁም።

እስከዚህ የተነገረው መድኃኒት ስላጣ ሽማግሌ ነው። መድኃኒት ስለ በዛበትም ሽማግሌ መናገር ግድ ይሆናል፤ ወጪው በዚያም በኩል ይመጣልና። የአረጀ ሰው ኩላሊት እንደ ጎልማሳ ፈጥኖ መድኃኒትን አያጣራም፤ ስለዚህ ለጎልማሳ ልክ የሆነው መጠን በሽማግሌው ሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ግሊቤንክላማይድ የሚባለው የስኳር መድኃኒት ምግብ ባልቀመሰ ሽማግሌ ላይ ስኳሩን አለመጠን አውርዶ እስከ መሳት ያደርሰዋል። የሚያስተኛ መድኃኒት የወሰደች ባልቴት ሌሊት ስትነሣ ወድቃ ዳሌዋ ይሰበራል፤ የዳሌ ስብራትም በዚያ ዕድሜ የአልጋ ቍራኛ ማድረጉ የተለመደ ነው። ዲክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ በወለጋ በጉልበትና በወገብ ሕመም ምክንያት እንደ ቡና የሚፈለግ ሆኗል ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ነገር ግን ይህ መድኃኒት ሲዘወተር የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። አንድ ሽማግሌ ከጤና ጣቢያ የግፊት መድኃኒት፣ ከመንደር መድኃኒት ቤት ደግሞ ዲክሎፌናክ እየገዛ ቢውጥ በአንድ እጁ የገነባውን በሌላ እጁ ያፈርሳል፤ ግፊቱም አልወርድ ሲል ሦስተኛ መድኃኒት ይጨመርለታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 በመድኃኒት አወሳሰድ ስሕተት የሚጠፋው ገንዘብ በዓለም ሁሉ በዓመት 42 ቢሊዮን ዶላር ያህል ይሆናል ብሎ የገመተው እንዲህ ያለውን ሁሉ ቆጥሮ ነው።

በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዋህ ለሆነ ሰው ግራ ይመስላል፤ አንዱ መድኃኒት ጨምሩ ይላል፣ ሌላው ቀንሱ ይላል። ሐኪም የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። ሽማግሌው የሚወስደውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የሚመለከት አንድ ሰው ሲኖር የሚቀነሰው ይቀነሳል፣ የሚጸናውም ይጸናል። ይህ ምርመራ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ መሣሪያም አይሻም። ነገር ግን በብዙ ስፍራ ማንም የእኔ ሥራ ነው ስለማይለው ሳይሠራ ይቀራል።

መድኃኒቱ ተገኝቶ፣ መጠኑም ተስተካክሎ ሳለ የማይወሰድበት ጊዜም ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ጽሑፍ ባደጉት ሀገሮች እንኳ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት የታዘዘላቸው ሰዎች እንደ ታዘዙት የሚወስዱት እኩሌታው ያህል ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። በጉቴ ለዚህ ልዩ ምክንያት የሚሆን ነገር አለ፤ እርሱም ቋንቋ ነው። የሀገሩ ሽማግሎች የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው፤ በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈው ግን እንግሊዝኛ ነው፤ ሽማግሌው ደግሞ ከቶ ፊደል ያልቆጠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉመው እ.ኤ.አ. በ1899 ካሳተሙ በኋላ ወደ ነቀምቴ ተመልሰው ሕዝቡን በገዛ ቋንቋው ማስተማራቸው ይታወቃል። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ በዚያው ሀገር ያለ ሽማግሌ የራሱን መድኃኒት ስምና ሰዓት በሚሰማው ቋንቋ ሳይነገረው ወደ ቤቱ መመለሱ የሚያሳፍር ነው። ፊደል ለማያውቀውም ቢሆን ፀሓይና ጨረቃ በወረቀቱ ላይ መሣል አያቅትም።

ስለ ካህናት አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል፤ የሽማግሎች የቅርብ አማካሪዎች እነሱ ናቸውና። የነፍስ አባት የማይገባበት ቤት የለም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ዓመት ሙሉ ያላሳመነችውን ባልቴት የነፍስ አባቷ በአንድ ቃል ሊያሳምኗት ይችላሉ። በጾም ወራት የጠዋቱን መድኃኒት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያቆዩ፣ ወይም ሁለቱን ጊዜ በአንድነት የሚውጡ፣ ወይም ሁዳዴ እስኪፈታ ጨርሰው የሚተዉ ሽማግሎች አሉ። የስኳር በሽተኛ ሳይበላ መድኃኒቱን ቢውጥ የሚደርስበት ከላይ ተነግሯል። ፍትሐ ነገሥት ግን በሽተኛውን በጾም ግዴታ አያስጨንቅም፤ ይህንንም ካህናት ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። ስለ ጠበልም ቢሆን በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለሚወስዱት ሕሙማን ጠበሉና መድኃኒቱ እርስ በርሳቸው እንደማይጣሉ፣ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ማስተማራቸው ይታወሳል። በዚያን ጊዜ የተነገረው ለደም ግፊትና ለስኳርም ይሠራል። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት የሚናገረው ለካህናት አዲስ አይደለም። በወለጋ የመካነ ኢየሱስ መጋቢዎችና የመስጊድ ሼኮችም ለየምእመኖቻቸው ይህንኑ ቢነግሩ ነገሩ ወደ ሁሉም ቤት ይደርሳል። የሚነገረውም አጭር ነው፤ ደኅና ነኝ ብሎ መድኃኒትን መተው አይገባም፣ የሚጾምም ሰው ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ሰዓቱን ያስለውጥ።

ወደ ሹማምንት ስንመለስ፣ የሚፈለገው አዲስ መሥሪያ ቤት ወይም ብዙ ገንዘብ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት የተጀመረው የመድኃኒት ሒሳብ አያያዝ፣ እያንዳንዱ መድኃኒት ከግምጃ ቤት ወጥቶ ለማን እንደ ተሰጠ በደረሰኝ እንዲታወቅ በማድረጉ ብክነት ቀነሰ፤ የመድኃኒት መገኘትም ተሻሻለ፤ ከዚያም ወደ ሌሎች ሐኪም ቤቶች ተዛመተ። በዚያ ሐኪም ቤት የበዛው ገንዘቡ ሳይሆን የገንዘቡ መታወቅ ነው። ለጉቴ ጤና ጣቢያና ለመሰሎቹም ይህ ሊደረግ ይቻላል።

የወረዳው የጤናና የመድን ሹሞች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ በደም ግፊት፣ በስኳርና በልብ ሕመም የተመዘገቡትን ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ቍጥር በመጀመሪያ ያስቆጥሩ። ለነዚህ የሚበቃው መድኃኒት ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ ይገዛ፤ ገንዘብ ቢያንስ የሚቀነሰው ከዚህ ላይ አይሁን። በክረምት መንገድ ሲጨቀይና በመኸር ሰው ሥራ ሲበዛበት ሕመሙ ጸንቶ ለሚታይ ሽማግሌ የአንድ ወር ብቻ ሳይሆን የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይሰጠው፤ ለአንድ ወር መድኃኒት ሙሉ ቀን መንገድ የሚሄድ ሽማግሌ በሦስተኛው ጊዜ እንደማይመጣ የታወቀ ነው። መድኃኒቱ ከመደርደሪያ በጠፋ ጊዜ መድኑ ከአንድ የታመነ መድኃኒት ቤት ጋራ ውል ገብቶ ዋጋውን ራሱ ይክፈል፤ ይህም ወጪ የሚበዛበት ቢመስል መልካም ነው፤ ያን ጊዜ የባዶ መደርደሪያ ዋጋ በመድኑ መዝገብ ላይ ስለሚጻፍ ጤና ጣቢያውን በጊዜው እንዲገዛ የሚያስገድድ ባለ ጉዳይ ይገኛል። የነቀምቴ ሐኪም ቤቶችም ከጉቴ የመጣ ሽማግሌ በአንጎል ደም መፍሰስ ወይም በስኳር ሲተኛ፣ መድኃኒቱን ይወስድ እንደ ነበረ፣ ካልወሰደም ለምን እንደ ተወ ጠይቀው በጽሑፍ ለወረዳው ቢልኩ፣ ሦስቱ ከረጢቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ወረቀት ላይ ይገናኛሉ።

የግል መድኃኒት ቤቶችን በሚመለከት፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112/2011 ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊሸጥ የማይገባውን መድኃኒት በሚገባ ለይቶ መቆጣጠሪያ አድርጓል። አዋጁ በጉቴ ገበያ ቀን ምን ያህል እንደሚሠራበት መመልከት የተቆጣጣሪዎች ፈንታ ነው። ሆኖም ጉልበቱን የሚያመውን ባላገር ዲክሎፌናክ አትግዛ ብሎ ከመከልከል ይልቅ፣ ግፊት እንዳለበት ጠይቆ በምትኩ ፓራሲታሞል የሚሰጥ ባለ ሙያ ማስለመድ ይበልጥ ፍሬ ያፈራል።

ጤና ጣቢያዎች የመድኃኒት ሪፖርታቸውንና ጥያቄያቸውን በየሁለት ወሩ ያቀርባሉ። በሚመጣው ጥያቄ ከተላኩት የመድኃኒት ስሞች አጠገብ ስንት ሽማግሎች እንደሚጠብቁት ቍጥሩ ይጻፍ፤ ይህ ቍጥር የሌለበት ወረቀት ከጉቴ ወደ ነቀምቴ መላክ የለበትም፤ ቢላክም የተቀበለው ሹም መልሶ ይላከው።